ከመጠየቅ በፊት መጠየቅ፦ ውጭ አገር ያለች የልውውጥ ተማሪን ለማየት ስታስቡ

አማርኛ «መጠየቅ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል። ጥያቄ ማቅረብም መጠየቅ ነው፤ ሰው ያለበት ድረስ ሄዶ ማየትም መጠየቅ ነው። ልጃቸው በልውውጥ ፕሮግራም ውጭ አገር የሄደችባቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይዘው ይነሱና የመጀመሪያውን ይረሱታል። የሥራ ፈቃድ ይወሰዳል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ሻንጣ ይገዛል። «እንመጣለን!» ተብሎ የሚደወለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ትንሽ ዝምታ ይሰማል። ወላጅ ዝምታውን «ደስታው አስደንግጧት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። አንዳንዴ እውነቱ ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲታየን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። ለአንድ የትምህርት ዓመት፣ ማለትም ለአሥር ወር ገደማ፣ ሌላ አገር ሄዳለች። ከዚህ በፊት ከማታውቀው ቤተሰብ ጋር ትኖራለች፤ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብታለች። አሁን ሦስተኛ ወሯ ነው። ወላጆቿን ናፍቃቸዋለች፣ እነሱም ናፍቀዋታል። ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ጊዜውም አለ። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ያለው «ሦስተኛ ወር» የሚለው ላይ ነው።

«አሁን አትምጡ» የሚባለው ለምንድነው?

ተማሪ የሚልኩና የሚቀበሉ ድርጅቶች ስለ ወላጅ ጉብኝት ያላቸው ደንብ ላይ ላዩን ሲያዩት አንጀት የሌለው ሰው ያወጣው ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከአገር አገር ሲያመላልስ የኖረው ኤኤፍኤስ የወላጅንና የጓደኛን ጉብኝት አያበረታታም። የግድ ከሆነም ወደ ፕሮግራሙ ማብቂያ ቢሆን ይመርጣል። የሮተሪ የወጣቶች ልውውጥ ደንቡ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ዝግ ናቸው። ሌሎችም አነጋገራቸው ይለያይ እንጂ ሐሳባቸው ያው ነው፦ ቆዩ፣ ትንሽ ታገሡ።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ካለርቮ ኦበርግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ንግግር አደረገ። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቅሰውን «የባህል ድንጋጤ» የሚባል ነገር በሰፊው ያስተዋወቀው በዚህ ንግግር ነው። እንደ እሱ አባባል፣ ሰው አዲስ አገር ሲገባ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ያምርበታል። ቀጥሎ ያው ሁሉም ነገር ያስጠላዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ መላ መላውን ያገኛል፤ በመጨረሻ ይለምዳል። በዓመቱ ደግሞ ስቬሬ ሊስጋርድ የተባለ ኖርዌያዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በፉልብራይት ስኮላርሺፕ አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ ከ200 የማያንሱ የአገሩን ልጆች አጠና። ከስድስት ወር በታች የቆዩት ደህና ነበሩ። ከስድስት እስከ 18 ወር የቆዩት ተቸግረዋል። ከዚያ በላይ የቆዩት ተመልሰው ደህና ሆነዋል። በወረቀት ላይ ሲሳል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወርዶ የሚወጣ መስመር ነው።

መስመሩን እንደ ሕግ አትያዙት። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ሌላ ጥናት ኒውዚላንድ የገቡ የጃፓን ተማሪዎችን ተከታትሎ «የጫጉላ ጊዜ» የሚባለውን፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር የሚያምርበትን ወቅት፣ አላገኘውም። ተማሪዎቹ ከምንም በላይ የተቸገሩት ገና እንደገቡ ነበር፤ ከዚያ እያደር ቀለላቸው። ስለዚህ የእናንተ ልጅ በየትኛው ወር እንደምትከፋ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ሁለቱም ጥናቶች የሚስማሙበት ነገር ግን አለ። መላመድ በአንድ ቀን አይመጣም፣ ጊዜ ይበላል። ጊዜውን ደግሞ ሌላ ሰው ሊጨርስላት አይችልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወር እንመለስ። ልጅቷ ቋንቋው ገና እየገባት ነው። ክፍል ውስጥ ቀልድ ሲቀለድ ከሌሎቹ ሁለት ሰከንድ ዘግይታም ቢሆን መሳቅ ጀምራለች። የምሳ ሰዓት አብራቸው የምትቀመጥ ሁለት ልጆች አግኝታለች። ቤት ውስጥ ደግሞ የቤቱ እናት ማታ ማታ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ስትላት ከ«ደህና» አልፋ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ችላለች። ይህ ሁሉ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ነው። በዚህ መሃል እናትና አባት ለአሥር ቀን ይመጣሉ። አሥር ቀን ሙሉ በራሷ ቋንቋ ታወራለች፣ ሆቴል ትውላለች፣ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። የምሳ ጓደኞቿ ሌላ ሰው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ወላጆቿ ሲሄዱ ናፍቆቱ እንደ አዲስ ይነሳል፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ አዲሱን ነገር የማየት ጉጉት አብሮት ነበር።

ሌላም አለ። በተቀባይ ቤተሰቡ ቤት ውስጥ ያለችው ሴት በደም እናቷ አይደለችም፤ ግን አፍንጫዋ ሲዘጋ ትኩስ ነገር የምታፈላላት፣ አርፍዳ ስትገባ የምትቆጣት እሷ ናት። ያ ግንኙነት ገና በእግሩ ሳይቆም ትክክለኛዋ እናት በር ላይ ብትቆም የቤቷ እናት ወዴት ትሂድ? ልጅቷስ ማንን አይታ ትታዘዝ? ነገሩ የማንም ክፋት አይደለም። ቦታው ለሁለት እናት ገና አልሰፋም፣ ያ ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከድርጅቶቹ ጎን ነኝ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፤ ደንቡን በጥቃቅን ፊደል ጽፈው ውል ውስጥ መቅበራቸው ላይ። ወላጅ ምክንያቱ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ቢነገረው ይረዳል። ሳይነገረው በአራተኛው ወር «አይቻልም» ሲባል ግን ልጁን የቀሙት ይመስለዋል።

መታገሥ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ልጅቷ በጽኑ ከታመመች፣ በቤተሰብ ሐዘን ከደረሰ፣ ወይም የምትኖርበት ቤት እንደማያስተማምናት ከነገረቻችሁ ወር መቁጠር የለም። የመጨረሻው ከሆነ ትኬት እስኪገኝ እንኳ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለፕሮግራሙ የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ። እነሱ በሰዓታት ውስጥ ሌላ ቤት ሊያዛውሯት ይችላሉ፤ እናንተ ብትፈጥኑ ብትፈጥኑ ቀናት ይፈጅባችኋል።

ማንን እንጠይቅ?

መጀመሪያ ልጅቷን። ግን «እንምጣ ወይ?» ብላችሁ አይደለም። ለዚህ ጥያቄ የትኛዋ ልጅ ናት «አትምጡ» የምትል? ባትፈልግም «አዎ» ትላለች። ይልቅ «ብንመጣ የትኛው ወር ነው የሚመችሽ?» በሏት። «ከምርቃቱ በኋላ» ወይም «ፈተና ካለቀ» ካለች መልሱን አግኝታችኋል። ደግሞ «ባንመጣስ ይከፋሻል?» የሚለውንም ሞክሩት። «ግድ የለም፣ እኔ ልመጣ አይደል?» የሚል መልስ ከመጣ አትቀየሙ። በደንብ እየኖረች ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ተቀባይ ቤተሰቡን። ብዙዎቹ ልጅ የሚቀበሉት በበጎ ፈቃድ ነው። የእናንተን ልጅ ለማኖር ተስማምተዋል፤ እናንተን ለማስተናገድ አልተስማሙም። የቤቱ ሰዎች «ኑ፣ እኛ ጋ እደሩ» ቢሉ እንኳ ከሁለት ሌሊት በላይ ባታድሩ ይሻላል ባይ ነኝ። አቅራቢያ ሆቴል ያዙ። ቤታቸው አንድ ማታ ለእራት ተጋበዙ፣ አንድ ማታ እናንተ ጋብዟቸው፤ ለሁሉም የሚበቃ ትውውቅ ነው።

ሦስተኛው የፕሮግራሙ አስተባባሪ ነው። ወላጆች ሳይጠብቁት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። «ወላጅ እኔ አይደለሁ? ልጄን ይዤ የፈለግሁበት ብሄድ ማን ይናገረኛል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ወላጅነታችሁ አልተነካም። ነገር ግን ልጅቷ ስትሄድ ውል ፈርማችኋል። አብዛኛው ውል ደግሞ ከምትኖርበት አካባቢ ለሌሊት መውጣትንም ሆነ ከትምህርት መቅረትን የጽሑፍ ፈቃድ ያስጠይቅበታል። ሳታሳውቁ ለአምስት ቀን ይዛችኋት ብትጠፉ ፕሮግራሟ ሊቋረጥ ይችላል። አስተባባሪውን በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ቀኖቹን፣ የምታርፉበትን ቦታ፣ ልጅቷ ከእናንተ ጋር የምታድርባቸውን ሌሊቶች፣ ከትምህርት የምትቀርበት ቀን ካለ እሱን ጭምር በዝርዝር ጻፉ።

ልጃችሁ የዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ተማሪ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀላል። አዋቂ ነው፣ ፈቃድ ሰጪውም ራሱ ነው። እዚያ ያሉት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ፈተናው መቼ ነው? ዶርሙ እንግዳ ያሳድራል ወይ? ብዙ ዶርሞች የእንግዳ ሌሊት ይቆጥራሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አያሳድሩም። አንድ ጠባብ አልጋ ላይ ለሦስት መተኛት ደግሞ በወሬ ደረጃ ነው ደስ የሚለው።

የቪዛው ነገር

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ የተሳሳተ እምነት አለ። «ልጃችን እዚያው ስላለች ቪዛ ይቀለናል» የሚል። የልጅቷ የተማሪ ቪዛ ለእናንተ የሚሰጣችሁ ምንም መብት የለም። አሜሪካን እንውሰድ። የልውውጥ ተማሪ የሚገባበት ጄ-1 የሚባል ቪዛ ተከታይ ቤተሰብ ይፈቅዳል፤ «ቤተሰብ» የሚላቸው ግን የትዳር ጓደኛንና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆችን ነው። እናትና አባት የሉበትም። ወላጅ የሚያመለክተው እንደ ማንኛውም ጎብኚ ለቢ-2 ቪዛ ነው።

የጎብኚ ቪዛ ሲጠየቅ ቆንስሉ በልቡ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ይመለሳል ወይ? በአሜሪካ ይህ በሕግ ተጽፏል። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214(ለ) እንደሚለው፣ አመልካቹ ተቃራኒውን እስኪያሳምን ድረስ እዚያው ለመቅረት እንዳሰበ ይቆጠራል። ማስረዳቱ የአመልካቹ ፋንታ ነው። በሌሎች አገሮች አነጋገሩ ለስለስ ይላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ጥሩ ማመልከቻ ማለት ስለ ልጅቷ ብዙ የሚያወራ አይደለም። እናንተን ወደ ቤት የሚመልሳችሁን ነገር የሚያሳይ ነው፦ ሥራችሁን፣ የተሰጣችሁን የፈቃድ ቀን፣ ቤት የሚጠብቋችሁን ሌሎች ልጆች፣ የምታስተዳድሩትን ንብረት። የልጅቷን ነገር የምታነሱት የጉዞውን ምክንያት ለማስረዳት ብቻ ነው። የፕሮግራሟን ደብዳቤ አያይዙ፤ በተለይ የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበትን። እሷ ራሷ ተመላሽ መሆኗን ያሳያል።

የግብዣ ደብዳቤ የሚሉት ነገር ላይም ሰው ብዙ ይጨነቃል። ክብደቱ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ የግብዣ ደብዳቤ አትጠይቅም። ካናዳ ሊረዳ እንደሚችል ትናገራለች፣ ግን ዋስትና አይሆንም ትላለች። ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ቤት የምታርፉ ከሆነ ደግሞ ተቀባያችሁ ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚያወጣው ወረቀት አለ። ጀርመን ውስጥ ወጪያችሁን የሚሸፍን ሰው ካለ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርቦ የሚፈርመው ግዴታ አለ። ይህን አስቡት፦ የ16 ዓመት ልጅ ይህን ልትፈርም አትችልም። ተቀባይ ቤተሰቡን «ፈርሙልን» ማለት ደግሞ ከበድ ያለ ውለታ መጠየቅ ነው፤ ከገንዘብ ኃላፊነት ጋር የሚመጣ ወረቀት ነውና። ሆቴል ይዞ በራስ ወጪ መሄድ ለሁሉም ቀላል የሚሆነው ለዚህም ጭምር ነው።

ወደ አውሮፓ ከሆነ ጉዞው፣ የሸንገን ስምምነት 29 አገሮችን በአንድ ቪዛ ያስገባል። ደንቡ «90 በ180» ይባላል። በየትኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም። አቆጣጠሩ ሰው ያደናግራል። ከፈረንጅ አዲስ ዓመት ተነስቶ የሚቆጠር አይደለም። እዚያ ባላችሁበት በእያንዳንዱ ቀን ወደ ኋላ 180 ቀን ትቆጥራላችሁ፤ በዚያ ውስጥ የቆያችሁበት ቀን ከ90 መብለጥ የለበትም። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ለአሥር ቀን ጉብኝት አያሳስብም። ሁለት ጊዜ ለመመላለስ ላሰበች አያት ግን ያሳስባል።

ማመልከት ያለባችሁ ለየትኛው ኤምባሲ ነው? ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ኤምባሲ። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ልጅቷ አንድ አገር ሆና እናንተ ቀጠሮው ቶሎ ይገኛል ብላችሁ በሌላ አገር ኤምባሲ ማመልከት የለባችሁም፤ ይህ ዓይነት ብልጠት ብዙ ጊዜ ራሱን ይበላል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይወስዳል፣ ጥያቄ ካለው እስከ 45 ቀን ሊጎተት ይችላል። ይህ ሁሉ ቀጠሮ ከተገኘ በኋላ ያለው ነው፤ ቀጠሮውን ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። በመጨረሻው ወር ለመሄድ ያሰበ ወላጅ ገና በመሃሉ መጀመር አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሸንገን የጉዞ መድን በግዴታ ይጠይቃል፤ ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። ሌሎች አገሮች ባያስገድዱም ያለ መድን አትሂዱ። በተለይ አያት የምትወስዱ ከሆነ የመድኑን ወረቀት አንብቡ። ከጉዞው በፊት የነበረ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም በብዙ ርካሽ መድኖች አይሸፈንም። መድኃኒት የምትይዙ ከሆነ በራሱ እሽግ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዙ። በአንድ አገር ፋርማሲ ያለ ጥያቄ የሚሸጥ መድኃኒት በሌላው የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ጃፓን ለምሳሌ አንዳንድ የተለመዱ የጉንፋን መድኃኒቶችን፣ ውስጣቸው ባለው ሱዶኤፌድሪን ምክንያት፣ ታግዳለች።

ፓስፖርታችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። ሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት አሥር ዓመታት የወጣ እንዲሆን ይፈልጋል። ስድስት ወር የሚጠይቁ አገሮችም ብዙ ናቸው። ቪዛ የማያስፈልገው ፓስፖርት ያላችሁም ብትሆኑ አትዝናኑ። አሜሪካ፣ ካናዳና ብሪታንያ ከብዙ «ቪዛ አያሻቸውም» ከሚባሉ ተጓዦች በኢንተርኔት የሚሞላ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይህ ይሁን፦ ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜና መቆየት የምትችሉበት ጊዜ አንድ አይደሉም። ቪዛ ላይ የአንድ ዓመት ቀን ስለተጻፈ ዓመት ሙሉ እዚያ መቀመጥ ይቻላል ማለት አይደለም። አሜሪካ ስትገቡ የምትቆዩበትን ቀን የሚወስነው ድንበር ላይ ያለው ኃላፊ ነው፤ አይ-94 የሚባል መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ እናንተም ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሸንገን ቪዛ ላይ ደግሞ የሚያገለግልበት ቀንና ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቀድ ለየብቻ ተጽፏል። ያን ቀን ማሳለፍ በእናንተ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ልጅቷ ነገ ለዩኒቨርሲቲ ብላ ቪዛ ስታመለክትም ሊነሳ የሚችል ጉዳይ ነው።

ትኬትም ቢሆን ቪዛ ሳይመታ የማይመለስ አትግዙ። ቦታ ማስያዝ ሌላ፣ መክፈል ሌላ።

አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ፤ የልጅቷ የራሷ ወረቀት። «ከመጣን አይቀር ጎረቤት አገር ይዘናት ደርሰን እንምጣ» ይባላል። የሷ ቪዛ ለአንድ ጊዜ ብቻ መግቢያ ከሆነ ወጥታ መመለስ አትችልም። አሜሪካ ያለች የጄ-1 ተማሪ ከአገር ወጥታ ለመመለስ ዲኤስ-2019 በሚባለው ሰነዷ ላይ የፕሮግራሟ ኃላፊ የጉዞ ፊርማ ሊያኖርበት ይገባል። ከወላጅ አንዱ ብቻ ይዟት የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ የሌላኛውን ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ ድንበር ላይ የሚጠይቁ አሉ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ከአንድ ወላጅ ጋር የሚሄድ ከሆነም እንዲሁ።

ከደረሳችሁ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በዕቅድ አትሙሏቸው። ሰውነት ከአዲስ ሰዓት ጋር የሚስማማው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ወደ ምሥራቅ መብረር ከምዕራቡ ይብሳል። ሰባት ሰዓት የሚለይ አገር ሄዶ በማግስቱ ጠዋት ሙዚየም መዞር ጠብ ለመፍጠር ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ አባት «እዚህ አገር ሰው ምን ነካው?» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ የምትከላከለው ልጅቷ ናት፤ አገሩ አሁን የሷም ነውና።

ብዙ ወላጅ ያልተዘጋጀበት ነገር ይህ ነው። ባቡሩ የት እንደሚያዝ የምታውቀው እሷ ናት። ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል፣ ማንን ማመስገን እንደሚገባ፣ መንገድ የቱ ጋ እንደሚሻገሩ፣ ድምፅ ስንት ላይ ሲደርስ ሰው ዞር ብሎ እንደሚያይ። ትናንት እጇን ይዛችሁ መንገድ ያሻገራችኋት ልጅ ዛሬ እናንተን «ቆዩ፣ ገና ነው» ትላለች። አንዳንዱ ወላጅ በዚህ ይኮራል። አንዳንዱ ሳያውቀው ይከፋዋል፣ ከዚያ በማይረባ ነገር ይቆጣል፤ በፀጉሯ፣ በአነጋገሯ፣ በበላችው። ከተናደዳችሁ የተናደዳችሁት በምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሌላው ከባድ ሥራ ማስተርጎም ነው። በሙያው የሠለጠኑ አስተርጓሚዎች ሰው እየተናገረ እኩል ሲተረጉሙ በየ20 እና 30 ደቂቃው ይፈራረቃሉ። ጭንቅላት ከዚያ በላይ አይችልም። አሁን ያችን የ16 ዓመት ልጅ አስቧት። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዓት እራት፣ አንድ አስተርጓሚ። ምግቡን እንኳ አትበላም። በዚያ ላይ የምትተረጉመው ስለ ራሷ ነው። «እቤት ስትሆን አልጋ አታነጥፍም፣ እዚህስ?» የሚለውን የእናቷን ጥያቄ ለቤቷ እናት አቅርቢ ትባላለች። መልሱንም እሷው ታመጣለች። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ትርጉሙን ትንሽ ያስተካክሉታል፤ አልፈርድባቸውም። ስልክ ላይ ያለውን የትርጉም መተግበሪያ ተጠቀሙ። ለዋናው ምስጋና ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በቋንቋቸው አጥኑ። አጠራሩ ቢበላሽም ግድ የለም፣ እንዲያውም ያስቃል፣ ልጅቷንም ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋታል። እራቱም አጠር ይበል።

በትምህርት ቀን ትምህርት ቤት ትሂድ። እናንተ ጠዋት በራሳችሁ ከተማውን እዩ፣ ከሰዓት በኋላ ተገናኙ። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ለሷ ተዉላት። ታዋቂውን ሐውልት ሳይሆን ብዙ ጊዜ የምታሳያችሁ ምንም የማይመስል ነገር ነው፦ ስትከፋ የተቀመጠችበትን አግዳሚ ወንበር፣ መጀመሪያ ብቻዋን የተሳፈረችበትን አውቶቡስ ማቆሚያ፣ ሻጩ በስሟ የሚጠራትን ሱቅ። ፎቶ ለማንሳት አትቸኩሉ። አሥር ወር በስልክ ስትነግራችሁ የነበረው ያ ነው።

ስትሄዱ

መጨረሻ ላይ ሄዶ አብሮ መመለስ የሚለው ሐሳብ ብዙ ወላጅ ይማርካል። ለድርጅቶቹም ይህ ይቀላቸዋል። ጥሩ ነው፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የመጨረሻው ሳምንት የስንብት ሳምንት ነው። ጓደኞቿ ሊያለቅሱ፣ ሊያድሩ፣ ተሰብስበው እስከ እኩለ ሌሊት ሊያወሩ ይፈልጋሉ። በዚያ መሃል «ሻንጣሽን አልጨረስሽም እንዴ?» የሚል ወላጅ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ስንብቱ ይበላሻል። ቢቻል ስንብቱ ካለቀ በኋላ፣ ፕሮግራሙ በዘጋ ማግስት ድረሱ። ከዚያ አብራችሁ የምትጓዙበት ሳምንት ይኑራችሁ። ያን ሳምንት ዝም ብትል አትደንግጡ። ወደ አገር መመለስም ሌላ መላመድ እንዳለው፣ መስመሩ እንደገና ወርዶ እንደሚወጣ የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ጆንና ጂን ጉላሆርን ሁለቱን ጎድጓዳ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው አሳይተዋል። ልጅቷ ገና ሳትነሳ ሁለተኛው ጎድጓዳ ጀምሯታል።

እሷ ቀርታ እናንተ የምትመለሱ ከሆነ ግን ወሳኙ ነገር የመመለሻ በረራው ሰዓት ነው። እሁድ ማታ አታድርጉት። እናንተን ሸኝታ ባዶ ክፍል ገብታ የምታድርበት ሌሊት ይረዝማል። የሥራ ቀን ጠዋት ይሁን። እሷ ቦርሳዋን አንግባ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ እናንተ ወደ ኤርፖርት ትሄዳላችሁ። የቤቷን እናት አስቀድማችሁ አማክሯት፤ ያን ቀን ማታ ከሷ ጋር የምትሠራው አንድ ነገር ይኑር፣ ገበያ መሄድም ሊሆን ይችላል። ስትደርሱ «ገብተናል» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። የቪዲዮ ጥሪው ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ።